የአያታችን የገብስ ቤት

ለውድ ታላቅ እህቴ ለኬዚያ፤

ሰላምታዬ አስቀድሞ ለአባታችን ለኤፍሬም፣ ቀጥሎ ለእናታችን ለመርሲ፣ ከአልጋ ለማይነሱት ለአያታችን ለኦባዲያ፣ ለትንሿ እህታችን ለሩትም በየስማቸው ይድረስልኝ። የአያታችን ሳል ቀለል አለላቸው? የእናታችንስ ጉልበት ብርዱን ቻለው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ውስጤ ግን ደህና አይደለም፤ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ባለፈው ሰኞ የእርሻው ሎሌዎች እራት ላይ ሳለን የደብሩ ወጣት ቄስ መጡ። የቆዩ የገበሬ ቃላትን እየለቀሙ በደብተር ይጽፋሉ። እህል የምናስገባበትንና የምንወቃበትን ቤት «ባርን» የምንለው ለምን እንደ ሆነ ጠየቁን። ሁለተኛው ሎሌ ሲላስ ቀደመና፣ «ጌታዬ፣ በድሮዎቹ እንግሊዞች አፍ ‹ቤር› ገብስ ነው፣ ‹ኧርን› ደግሞ ቤት። ባርን ማለት የገብስ ቤት ነው» አላቸው። እህት ዓለም፣ ይህ አያታችን ከመምህራቸው ሰምተው ለእኔ የነገሩኝ ነው! ለሲላስም ውቂያ ላይ የነገርኩት እኔው ነኝ። ቄሱ የሲላስን ስም በደብተራቸው አሰፈሩ። ወተት ቤት የምትሠራው ታቢታ ደግሞ፣ «አንተ ሲላስ፣ ከዚያ ሁሉ ጭድ በታች ጭንቅላት ነበረህ ለካ!» ብላ ሳቀችለት። ባለፈው ደብዳቤዬ ስለ እርሷ የጻፍኩልሽ ልጅ ይህችው ናት።

ነገሩ የእኔ መሆኑን ልናገር አፌን ስከፍት፣ የሠረገላ ነጂዎቹ አለቃ ቢላዋውን ቀጭ አድርጎ አጠፈ። በዚህ አገር እርሱ ቢላዋውን ካጠፈ ማዕዱ አበቃ፤ ከእርሱ በታች ያለን ሁሉ የቀረበልንን ሳንጨርስ እንኳ ዝም ብለን በተራ እንወጣለን። እኔ በማዕረግ አራተኛ ነኝ፤ ወጣሁ።

በኋላ ፈረሶቹ ቤት ሲላስን ያዝኩትና ነገሩን የሰረቀው ከእኔ እንደ ሆነ ነገርኩት። «ምን ያንጨረጭርሃል አንተ? ቃል እንደ ሱሪ የአንድ ሰው ነው እንዴ? ከፈለግህ ለቄሱ ነግሬ ስምህን አስጽፍልሃለሁ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደግነቱ ይበልጥ አቃጠለኝ። የፈለግሁት ያን ሳቅ ነበር እንጂ ስሜ እንዲጻፍ አይደለም። እውነቱን ልንገርሽና፣ ስለ ሽንብራ ቢያወራም ትስቅለት ነበር ብዬ እፈራለሁ።

አሁን ሎሌ ሁሉ ለዓመት የሚቀጠርበት የቅዱስ ማርቲን በዓል ቀርቧል። ጌታው ለሚመጣው ዓመት እቀመጥ እንደ ሆነ እስከ ቅዳሜ ሳምንት ቁርጡን እንድነግረው አዝዞኛል። ሲላስም ታቢታም ይቀመጣሉ። ብቀመጥ በየማዕዱ እነርሱን እያየሁ ዓመቱን ሙሉ ልቃጠል ነው፤ ብሄድም እርሷን በገዛ እጄ ለእርሱ ማስረከቤ ነው። ሌሊትም ቀንም ይህንኑ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ።

አንቺ ጠባዬን ታውቂዋለሽ። ልቀመጥ ወይስ ልሂድ? ይህ ወረቀት በደረሰሽ ዕለት ቁርጡን ጽፈሽ በሚመለሰው ፖስታ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ኤኖስ
ሆልደርነስ፣ ዮርክሻየር
ኦክቶበር 27 ቀን 1871