ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ አይደለም

ለአየር መንገዱ የፍራንክፈርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፍራንክፈርት አም ማይን

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በጉዞ ላይ ማንም እንዳያናግረኝና የገዛሁት ሁለተኛ ወንበር ለሌላ እንዳይሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

እኔ ተናኘ ባሕሩ፣ እዚሁ ፍራንክፈርት የኒድ ሰፈር ነዋሪና ጡረተኛ መምህርት፣ ቀጥሎ ያለውን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

1. ሟች ባለቤቴ ሙዚ በደቡብ አፍሪካ የአንድ የዙሉ ጎሳ አለቃ የበኩር ልጅ ነበር። በስደት እዚህ ሞቶ እዚሁ ተቀበረ፤ አለቅነቱን ታናሽ ወንድሙ ያዘ። እሱም ባለፈው ዓመት ስላረፈ ሁለት የቤተሰቡ ወገኖች በሥልጣኑ ተጣልተዋል። ሽማግሌዎቹ ግን የበኩሩ መንፈስ በባዕድ አገር እያለ ማንንም አንሾምም ብለዋል።

2. በጎሳው ልማድ በሩቅ የሞተ ሰው መንፈሱ የሚመለሰው በእሾሃማ ዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ ዛፉ የእኛ ቁርቁራ ዘመድ ነው። ሟቹ መቃብሩ ላይ በስሙ ይጠራል። ቅርንጫፉን የያዘ ሰው አገር እስኪገባ ከሟቹ በቀር ከማንም አይነጋገርም፤ ከተናገረ መንፈሱ መንገድ ላይ ይቀራል። የሙዚን ቅድመ አያት በእስር ከሞቱበት ደሴት በዝምታ ያመጧቸው ሚስታቸው ነበሩ።

3. ሙዚን ሊወስድ የተነሣው የአጎቱ ልጅ በነሐሴ ወር ደጃፉ ላይ በጥይት ተገደለ። መንፈሱን ያመጣ ወንድ ሥልጣኑንም ይጠይቃል ብለው የሚሰጉ አሉ። ልጄ ዳጊ የአባቴ ጉዳይ ነው፣ እኔ እሄዳለሁ ቢለኝ ናይን፣ አይሆንም አልኩት። ከዚያ ወዲህ የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር እኔ ሳላይ ዳጊን በር አላስከፍተውም። እኔን አለቃ የሚያደርገኝ ስለሌለ፣ የምሄደው እኔ ነኝ።

4. አሁን የምፈራው ደግ ሰውን ነው። አዲስ አበባ አውሮፕላን ስቀይር የቀድሞ ተማሪዬ አይቶኝ "ቲቸር! ደኅና ነዎት? ልጆች ደኅና?" ቢለኝ፣ አፌ ሳላዝዘው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ያን ጊዜ ሁሉም ከንቱ ይሆናል፤ መንፈሱን ሊያመጣ በእኔ ፈንታ የሚሄደውም ዳጊ ይሆናል።

5. ስለዚህ አስተናጋጆች በምልክት ብቻ እንዲጠይቁኝ፣ አዲስ አበባም ዝም ብሎ የሚያሻግረኝ ሰው እንዲመደብልኝ፣ እሾሁ በጨርቅ የተጠቀለለው ቅርንጫፍ ከእጄ እንዳይወሰድ እለምናለሁ። የእፅዋት ጤና ማረጋገጫው ተያይዟል። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር የሙዚ ነው። ወደዚያ ዞሬ "አሁን ልንነሣ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ደረስን" ስል ብትሰሙ የምነግረው ለእሱ ነውና፣ እባካችሁ አትመልሱልኝ።

በጉዞዬ ዕለት ሰላም ብትሉኝ መመለስ ስለማልችል፣ ከአሁኑ ከሰላምታ ጋር፤

(ፊርማ)
ተናኘ ባሕሩ