የአሯሯጭ ልብ

የካቲት 3
ጠዋት ልምምድ። የመሮጫው መም እርጥብ ነበር። አሰልጣኙ ዛሬም ሰዓት አልያዘም። አንቺ እያለሽ ምን ያደርግልኛል ይላል። ልጆቹም “ሰዓቷ” ነው የሚሉኝ። አሯሯጭ ነኝ... ፊት ፊት እየመራሁ ፍጥነቱን እጠብቃለሁ፣ ግማሹ ላይ ወደ ዳር እወጣለሁ፣ ሌላዋ ታሸንፋለች። ቅር ብሎኝ አያውቅም። ወይስ ብሎኛል? እንጃ።

ከሰዓት የክለቡ ዓመታዊ ምርመራ። ልቤን በአልትራሳውንድ ያየችው ባለሙያ አንዱን ቦታ ደጋግማ አየችው።

የካቲት 5
የልብ ሐኪሙ አስጠራኝ። ልቤ ሰፍቷል። ሳርፍ ደግሞ ሲጨመቅ ደከም ይላል። ዓመታት የሮጠ ሰው ልብ እንዲህ ይሆናል አለ። መታመም የጀመረ ልብም እንዲሁ።

“ተኝተሽ ሁለቱም መልካቸው አንድ ነው። የሚለየው ሲሠራ ነው።”

ልቤ ሲሠራ በምርመራ እስኪታይ ሩጫ የለም። በሽታው ከሆነ... ጭራሽ የለም።

ለታላቅ እህቴ ነገርኳት። ልበ ሰፊ ነሽ ስል ኖሬ ሐኪም እስኪነግርሽ ነው? አለች። ሳቅን። ከዚያ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞረች፤ ያጠበችውን ብርጭቆ መልሳ አጠበችው። ለእናታችን እንዳንነግራት፣ ሆድ ይፍጀው ተባብለናል።

የካቲት 8
እግሬ ሥራ ፈቶ ይበላኛል። ደረጃውን እንደ አሮጊት ነው የምወጣው። መሮጥ ካልቻልኩ ምን እሆናለሁ? ሌላ ሙያ የለኝም።

የካቲት 10
ምርመራው። ጠባብ ክፍል፣ የተዘጋ መጋረጃ። ፔዳል ያለው አልጋ ላይ በግራ ጎኔ ጋደም አልኩ። እኔ ፔዳሉን ስረግጥ ባለሙያዋ መሣሪያውን ደረቴ ላይ ይዛ ልቤን ታያለች። ፔዳሉ እየቆየ ይከብዳል። አቅምሽ እስኪያልቅ አለችኝ። እኔ ደግሞ አረጋገጤን አስተካክዬ፣ ትንፋሼን ቆጥቤ፣ ልክ እንደ ውድድር። ጠንከር ሲል “በቃኝ” ብዬ አቆምኩ። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ...

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። የልብ ምቴ ከሚፈለገው አልደረሰም። ልቤ ገና ምንም አልተጠየቀም፤ ስለዚህ ምንም አልመለሰም። መደገም አለበት።

ባለሙያዋ የደረቴን ቅባት የምጠርግበት ወረቀት አቀበለችኝ።

“የኔ እህት፣ ደከመሽ ወይስ በቃሽ?”

ደረቴን ጠርጌ ልብሴን ለበስኩ።

የካቲት 11
ደከመሽ ወይስ በቃሽ... ከውድድር ሁሉ በግማሽ ወጥቻለሁ። ሥራዬ ነው፤ ማንም አይወቅሰኝም። ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ልብም እንደዚያው ኖሯል።

አሰልጣኙ ደወለ። አልጋውንም አሯሯጥሽው በይኛ ብሎ ሳቀብኝ። ቆይቶ ፈርተሽ ነው? አለኝ። አዎ አልኩት። ብገፋው የሚሰበር ይመስለኛል።

የካቲት 17
እህቴ አብራኝ መጣች። ጥግ ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን አቅፋ። ሐኪሙ የልብ ምቴን እየተከታተለ አጠገቤ ቆመ። እሱ መቆሙ ትንሽ አደፋፈረኝ።

ፔዳሉ ከበደ። “በቃኝ” ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት። እንደገና ከበደ። አረጋገጤ ተበላሸ፣ እንደ ጀማሪ አለከለክሁ። ሰው ሲያየኝ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። እግሬ እምቢ እስኪል ድረስ...

“ደከመኝ” አልኩ።

ባለሙያዋ ፈገግ አለች፤ ዓይኗን ግን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

ሐኪሙ ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። ሳርፍ፣ ለዘብ ያለ። ሲደክመኝ፣ ጭብጥ ጭብጥ የሚል። “ሲጠየቅ ይሠራል። የስፖርተኛ ልብ ነው፤ ሩጪ።” በየዓመቱ ግን እየመጣሁ እታያለሁ።

እህቴ አለቀሰች። እኔ ስክሪኑን ማየት አልጠግብ አልኩ። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል።

የካቲት 19
ለእናታችን ነገርናት። ከነገሩ ይልቅ መደበቃችን አናደዳት።

መጋቢት 2
ልምምድ። ግማሹ ላይ እግሬ በልማዱ ወደ ዳር ልውጣ አለ። ከለከልኩት። ልጆቹ አንድ በአንድ ጥለውኝ ሄዱ፤ ሰዓቷ ቆመች እያሉ ያሾፉብኛል። መጨረሻ ገባሁ። ሳሩ ላይ ተዘረርኩ።

ቀና ስል አሰልጣኙ መስመሩ ላይ ቆሟል። ሰዓት ይዞ።

በስንት ገባሁ? አልኩት። ይህን ለራሴ ጠይቄ አላውቅም ነበር።