ከባጃጄ ጀርባ የተጻፈው ቃል

ውድ ሩፈይዳ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ስልክሽን ስለዘጋሽው ወረቀት ላክሁ፤ ወረቀት አይዘጋም። አጋሮ፣ አክስትሽ ፈሂማ ግቢ ተደብቀሽ ማንጎ ስትበዪ እንደምትውዪ ሰምቻለሁ። ለዛፉ አዝኛለሁ።

የመውጫ ፈተናውን ወድቀሻል፤ አልሸፋፍንልሽም። የድጋሚው ምዝገባ ግን ዓርብ ያበቃል፤ አንቺ ደግሞ «በቃኝ፣ የእናቴ ሱቅ እቀመጣለሁ» ብለሻል አሉ።

የመንጃ ፈቃድ ፈተና እየወደቅሁ የተመላለስሁበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ። ፈታኙ ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይይዝ ነበር። ያኔ አንቺ ነሽ እኔን አጎትሽን «ኤሱማ፣ እርስዎ እኮ ኢንዲፋቲጋብል ነዎት» ያልሽኝ። የማይደክመው ማለት ነው ብለሽ ተረጎምሽልኝ። ሄርማታ ገበያ ውስጥ ቃሉን ያልነገርሁት ነጋዴ የለም። ፈተናውን ሳልፍም ከባጃጄ ጀርባ በትልቁ አስጻፍሁት።

በቀደም በቆሎ ይዘው የተሳፈሩ አንዲት እናት ትርጉሙን ጠየቁኝ። ኮራ ብዬ ነገርኋቸው።

«የማይደክመውማ ድንጋይ ነው ልጄ» አሉኝ። «ሰው ይደክመዋል።»

በቾ ቦሬ ሰፈር ሳወርዳቸው ሂሳብ መቀበል ረሳሁ። እኔ ሂሳብ የምረሳው ስታመም ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

እውነታቸውን ነው። ያኔ ደክሞኝ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ቀን ባጃጁን ልሸጥ ደላላ ጋ ሄጄ ተመልሻለሁ። ስለዚህ የቃሉ አገባብ እንደገባኝ እንዲህ ነው፦ ደክሞት ለተቀመጠና ከዚያ ለሚነሳ ሰው ይባላል። ለበቅሎ አይባልም፤ በቅሎ ከኋላዋ ዱላ አለ። ስለ ራስም አይባልም፤ ሲነሳ ያየ ሌላ ሰው ነው የሚለው። እኔ ግን ስለ ራሴ አስጽፌ ከተማውን ስዞር ከረምሁ።

አሁን ተሳፋሪ ጽሑፉን እያሳየ «ይሄ ማነው?» ሲለኝ፣ «የእህቴ ልጅ ናት፤ ወድቃ ነበር፣ ደግማ ልትፈተን ነው» እላለሁ። ሲወርዱ «አላህ ይርዳት» ይሉሻል። ግማሽ ጅማ ውጤትሽን እየጠበቀ ነው፤ ልታሳፍሪኝ አትችዪም።

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ መጥቼ እወስድሻለሁ። ባጃጁ ጅማ መናኸሪያ ይጠብቀናል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ምዝገባው። ደክሞሽ ከሆነ ደክሞሽ ነይ። ከኋላ ተኚ፤ መንዳቱን ለእኔ ተዪው።

ቃሉን አላስፍቅም።

መንጃ ፈቃድ ያለው ኤሱማሽ፣
ሙሐመድሳኒ