በጉ ቱላ አልሄደም

ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ

ልጆቼን ዋሽቼ ዓመት ሙሉ ዝም ብያለሁ። አምና በዚህ ሰሞን እናታቸውን ቀብረን ስለነበር ደም እንዲያዩ አልፈለግሁም። የገናውን በግ ደብቄ ጎረቤት ግቢ አሳረድኩና "እናቱ ናፍቃው ወደ መጣበት ገጠር፣ ቱላ ሄደ" አልኳቸው። ጥብሱን ጣታቸውን እየላሱ በሉት። እኔም ያንን ማዕድ ባርኬ ቆረስኩ።

ዛሬ የዘንድሮውን በግ አምጥቼ ሳስር ትልቋ ልጄ ሳሮን ጎመን በፌስታል ቋጥራ አንገቱ ላይ አንጠለጠለችለት።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ለአምናው በግ ነዋ አባቢ! ቱላ ሲሄድ ይሰጠዋል።"

ታናሽ ወንድሟ ናቲ ጣቱን ቀስሮ "መንገድ ላይ እንዳትበላው፣ ሆዳም!" አለው።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ናቲ ግን የበጉን ጆሮ ሳብ አድርጎ "እማዬንም ካገኘሃት፣ በቃ ነይ በላት" አለው። እዚያው ላይ ሳቄ ጠፋ። በጉ እናቱ ጋ ሄደ ካልኩት፣ ልጁ እናቱን ቢጠብቅ ምን ይፈረድበታል? ጌታ ሆይ፣ ይህን ተስፋ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

በረንዳው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አምና የበላነው ያንኑ በግ እንደሆነ፣ ይሄም ነገ እንደሚታረድ፣ እማዬ ከቱላም ከየትም እንደማትመለስ፣ አንድ ቀን ግን ጌታ ዘንድ እንደምናገኛት። ሳሮን አለቀሰች። ናቲ ሄዶ ፌስታሉን ከበጉ አንገት ፈታ።

"እንግዲያው ራሱ ይብላው" ብሎ ጎመኑን በእጁ አጎረሰው።