በዳኛው ካባ ላይ የተወለዱት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 12 ቀን

የኔ ዓለም፣ ልጄ፣

አንቺም ሆድሽም እንዴት ናችሁ? እኛ ደህና ነን፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነን። ትተሽልን የሄድሽው ድመት ትናንት ወለደች! አራት ናቸው፤ ሦስቱ ነጭ፣ አንዱ ጥላሸት። ደስታው እስክሪብቶ አላስይዝ ብሎኛል።

የት እንደወለደች ብነግርሽ አታምኚኝም። አንድ ዳኛ ጥቁር ካባቸውን ጠርዙን እንዲያጥፍላቸው ለአባትሽ ሰጥተውት ነበር። እሷ ሆዬ ያን ሁሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ንቃ ካባው ላይ ተገላገለች። ጠዋት የስፌት ክፍሉን ስከፍት አባትሽ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። “ቀስ በይ፣ አራስ አለች” አለኝ። ያ “ድመቷንም ይዛት ትሂድ” ያለው ሰውዬ! ጭራሽ ማሽኑ ይረብሻታል ብሎ ሥራ ፈትቶ ዋለ።

እኔ ደግሞ ጭንቅ ላይ ነበርኩ። ያለ ፈቃዱ ካገባሽ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ስምሽ በዚህ ቤት አይነሳም። ስወልድ አጠገቤ ሁኚልኝ ብለሽ የላክሽውን ደብዳቤ ከትራሴ ሥር ሸሽጌ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግረው ጠፍቶኝ ሰነበትኩ።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው ካባቸውን ሊወስዱ መጡ። አባትሽ በሩ ላይ አቁሟቸው አራስ አላስነሳም አላቸው። አንገታቸውን አስግገው አዩና ስንት ቀን እንደሚፈጅ በሹክሹክታ ጠየቁት። ለሰው ሁሉ ቀጠሮ ሲሰጡ የሚውሉት ሰውዬ ለአሥራ አምስት ቀን ተቀጥረው ሄዱ። እኔ ሳቄን አፍኜ ጓዳ ገባሁ።

ስመለስ ጥላሸቱ የካባው እጅጌ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። አባትሽ ክንዱን እስከ ትከሻው ሰዶ አወጣው። መዳፉ ላይ እንዳስቀመጠው፣ ወደኔ ሳይዞር፣ “የእሷስ መቼ ነው?” አለኝ።

“የማን?”

“የልጄ ነዋ።”

ለካ ደብዳቤሽን አግኝቶ አንብቦታል። አለቀስኩልሽ። የፊታችን ነሐሴ ነው ስለው በጣቱ ቆጠረና፣ “ብቻዋን አትወልድም። ሁለታችንም እንሄዳለን” አለ።

ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ፣ አራሷ እንዳትረበሽ ብሎ፣ በእጁ አንድ ነገር እየሰፋ ነው። ምንድነው ስለው ይሸሽገኛል። እኔ ግን እጅጌውን አይቻለሁ፤ አውራ ጣቴን ቢያስገባ ነው።

በይ፣ ልጄ፣ ያለ ጭንቅ ያገላግልሽ፤ ቤትሽ በልጅ ጫጫታ ይሙላ። ለባልሽም ሰላምታዬን ንገሪልኝ። አባትሽ ግን በድንገት ደርሼ ላስደንግጣት ብሎ፣ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። ስለዚህ አደራ፣ በሩ ላይ ስታዪው ደንግጪለት።

እናትሽ