የእግር ጉዞ እስከ ሐልዋው ሱቅ

ለምወድሽ ልጄ ለዮዲ፣

ጅማ እንዴት ይዛሻለች? ትምህርቱስ? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከናፍቆትሽና ከውፍረቴ በቀር ደህና ነን።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አባትሽ አጠገቤ ስለሚሆን ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ መጋረጃ እንኳ ስከፍት አይወድም፤ መቼም ዕረፍቱን ለምዶት ይሆናል። እኔን ደግሞ ነርሷ ቤዛ፣ «እትዬ ገላነሽ፣ ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ በእግርዎ ይሂዱ» አለችኝ። ሰው ሲንቀሳቀስ ጡንቻው ስኳሩን ከደም ይስባል፤ አንጎል ውስጥም ስሜትን የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ይጨምራል አለች። ይቺን የመጨረሻዋን ሁለቴ አስደገምኳት።

ቤት ገብቼ «ብቻዬን ውሻ እፈራለሁ» ብዬ አባትሽን ጎትቼ አወጣሁት። ታውቂኝ የለ፣ እኔ እንኳን ውሻ ጅብም አልፈራ! ጀጎልን ዞረን ሸዋ በር ስንደርስ ሐልዋ ሻጩ፣ «ማሻአላህ፣ መምህር! የት ጠፋህ? ሚስትህ ቆልፋብህ ነው?» አለው። አባትሽ ሳቀ። ጥርሱ እስኪታይ፣ ዮዲዬ! ያንን ጣፋጭ ሐልዋም ገዛልኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንሄዳለን፣ በየቀኑም እንበላለን። በወሩ ብመዘን ግማሽ ኪሎ ጨምሬያለሁ! ቤዛ ተቆጣችኝ። አሁን አንዲት ቁራሽ ለሁለት ሆናለች፤ ሱቁን ግን አላልፈውም።

ዛሬ ጠዋት አባትሽ ቀድሞኝ ጫማውን አስሮ፣ «ገላነሽ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ!» ብሎ ከደጅ ተጣራ። ነጠላዬን ለብሼ ቆሜያለሁ፤ ግን እንደገና ይጥራኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ስትደውዪ የውሻውን ነገር እንዳታነሺ። በሄድሽበት እመብርሃን ትከተልሽ።

እናትሽ ገላነሽ
ከሐረር