በሥዕል ስለተዘጋው መውጫ

ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለከተማው ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕዩ ላይ የተደበደቡት ተከሳሽ፣ የደበደቡት ምስክር የሆኑበት መዝገብ እንደገና እንዲታይልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በየዓመቱ በሚካሄደው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ የአዳራሾቹን አደረጃጀት የምነድፍ ባለሙያ ነኝ። ግድግዳው የት እንደሚቆም፣ መብራቱ ከየት እንደሚወርድ፣ ሰው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ የምወስነው እኔ ነኝ። ታላቅ እህቴ ደግሞ የሕዝብ መርሐ ግብሩ አስተባባሪ ናት፤ ውይይቱንና ጉብኝቱን የምትመራው እሷ ናት። እናታችን በሕይወት ሳለች “አንዷ ቤት ትሠራለች፣ አንዷ እንግዳ ትጠራለች” እያለች ትቀልድብን ነበር።

2. የውይይት አዳራሹን የነደፍኩት በሁለት በር ነው። በመክፈቻው ዋዜማ የዐውደ ርዕዩ ሥራ አስኪያጅ በኋለኛው በር ፊት የእንጨት ግድግዳ አስቁመው ትልቅ ሥዕል አሰቀሉበት፤ ሥዕል ሊገዛ የሚመጣ አንድ ባለሀብት ገና ሲገባ ዓይኑ እንዲያርፍበት ብለው ነው። “ጋሼ፣ ይሄ እኮ መውጫ ነው፤ ሰው ቢጨናነቅ በየት ይወጣል?” ብዬ ተከራከርኩ። “አንቺ ልጅ፣ ሰው የሚመጣው ሥዕል ሊያይ ነው ወይስ በር ሊያይ?” ብለው ስቀው ሄዱ። ከበሩ በላይ ያለው አረንጓዴ የመውጫ መብራት ግን እንደበራ ቀረ።

3. እህቴ ለመክፈቻው ዕለት ውይይት የጋበዘችው፣ አዳራሹ ሲሠራ ቤታቸው የፈረሰባቸውን ሰዎች ነበር። የፈረሰው ሰፈራቸው ፎቶግራፎች ዙሪያውን ተሰቅለዋል። ሁላችንም እማማ የምንላቸው አንዲት ልብስ አጣቢ እናት ከአንዱ ፎቶ ፊት ቆመው፣ “ይቺ በር የኔ ናት። ባሌ የሞተው እዚህ ደጃፍ ላይ ነው። እናንተ ደግሞ በመስታወት አድርጋችሁ ሰቀላችሁት፤ እስቲ ስንት ያወጣል?” አሉ። ሰው አጨበጨበ። ባለሀብቱ ተነሥቶ ወጣ። ይኼኔ ሥራ አስኪያጁ ጥበቃዎቹን አስገቡ።

4. ባልደረቦቹ “ብረቱ” የሚሉት የጥበቃው አለቃ ማይክሮፎኑን ከእማማ እጅ ሊነጥቅ ሲል እህቴ መሃል ገባች። “ወንድሜ፣ ይጨርሱ እንጂ፤ ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም” አለችው። በዱላው መንጋጋዋን መታት። የአጥንቱ ድምፅ በማይክሮፎኑ አልፎ በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ፤ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ወድቃም አልተዋትም፣ ፊቷን በጫማው ረገጠው። ሌሎቹም ሴት ወንድ ሳይሉ ያገኙትን ይወቅጡ ጀመር። የፊተኛውን በር የያዙት እነሱ ስለሆኑ፣ ሕዝቡ አረንጓዴውን መብራት እያየ ወደ ኋላ ሮጠ። የጠበቀው ሥዕል ነው። ከኋላ ያለው ከፊት ያለውን ይገፋል። እማማ ከሸራው ጋር ተጣብቀው “ልጆቼ፣ አትግፉኝ” ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውን አልሰማሁም።

5. በአዳራሹ ከነበረው የዐውደ ርዕዩ አናጢ የመሣሪያ ሳጥን መዶሻ አንሥቼ ግድግዳውን ከነሥዕሉ በጎን በኩል መታሁት። አናጢውም በመፈንቀያ አገዘኝ። እንጨቱ ተሰነጠቀ፣ ሸራው ተተረተረ፣ ሰዉም ደሙን እያዘራ በዚያ ሾልኮ ወጣ። ብረቱ ደርሶ በዚያው ዱላ ክንዴን ሰበረው። እማማን ያወጣናቸው በተቀደደው ሸራ ተሸክመን ነው፤ ነፍሳቸው ወጥታ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ አሁን የተከሰስነው እኛ ነን። እኔ “ውድ ንብረት በማውደም”፣ እህቴ “ሁከት በማነሣሣት”። የእማማ ሞት በመዝገቡ ላይ “በሕዝቡ ግፊያ የደረሰ አደጋ” ተብሎ ታልፏል። ብረቱ ምስክር ሆኖ ቀርቧል። ሠዓሊው ግን ሆስፒታል ድረስ መጥቶ፣ “ሥዕሉ የኔ ነው፤ ክሱ የኔ አይደለም። እዚያ ብኖር ቀድሜሽ እቀደው ነበር” ብሎ አጠገባችን አልቅሷል። ለመመስከርም ዝግጁ ነው።

6. ሥዕሉን መቅደዴን አልክድም፤ ነገም ቢሆን እቀደዋለሁ። የምለምነው፣ እማማን የገደለው ሕዝቡ ነው ወይስ ዱላውና የተዘጋው በር የሚለው እንዲጣራ፣ ብረቱና ያዘዙት ሥራ አስኪያጅ በሕግ እንዲጠየቁ፣ በእኛ ላይ የቀረበውም ክስ እንዲነሣልን ነው።

በተለይ አንድ ጉዳይ ጊዜ አይሰጥም። እህቴ ሰኞ ቀርባ ቃሏን እንድትሰጥ ተጠርታለች። መጥሪያውን ያመጣው መርማሪ “ዝም ካለች እንዳመነች ይቆጠራል” ብሎናል። ክቡር ሆይ፣ መንጋጋዋ በሽቦ ታስሯል፤ ውሃ እንኳ የምትጠጣው በቱቦ ነው። መርማሪው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አልጋዋ ድረስ እንዲመጣ ይታዘዝልን። ትጽፋለች።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የአዳራሹ ንድፍ ባለሙያ፣ የአስተባባሪዋ ታናሽ እህት